ዘይቤው የሥራው እንጂ የሰውዬው አይደለም፦ ስለ አመራር ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ሥራ አስኪያጆች ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የአመራር ዘይቤ ሦስት ነው፣ ፈላጭ ቆራጭ፣ ዴሞክራሲያዊና ልቅ፤ ከሦስቱ ዴሞክራሲያዊው እንደሚበልጥ በሙከራ ተረጋግጧል፤ በቀውጢ ሰዓት ብቻ መሪው ፈላጭ ቆራጭ ይሁን፤ «ሥራ አስኪያጅ» ያለፈበት ማዕረግ ነው፣ ዘመኑ የሚፈልገው «መሪ» ነው፤ ጥሩ መሪ ሥራውን ሰጥቶ ዘወር ይላል፤ ቀኑ የተበጣጠሰበት አለቃ ጊዜውን መጠቀም የማያውቅ ነው፤ የዕዝ ሰንሰለቱ ባጠረ ቁጥር ድርጅቱ ይፈጥናል። መጨረሻ ላይ አንባቢው «የእኔ ዘይቤ የቱ ነው?» ብሎ ራሱን የሚመዝንባቸው ሃያ ጥያቄዎች ተያይዘዋል።

ጽሑፉ በቅን ልቦና የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። የሚፈራ አለቃ ስህተትን በጊዜው አይሰማም ያለውም ትክክል ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የምከራከረው መነሻውን ነው። ጽሑፉ ዘይቤን ለሰው ይሰጣል፦ እገሌ ዴሞክራሲያዊ ነው፣ እገሊት ፈላጭ ቆራጭ ናት። ሥራ ላይ ግን ዘይቤ የሚመረጠው ለአንድ ውሳኔ፣ ለአንድ ሥራ፣ በዚያ ሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ ነው። አንድ ሥራ አስኪያጅ ጠዋት ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ሰጥቶ ከሰዓት በኋላ የቡድኑን ውሳኔ ሳይነካ ቢፈርም ወላዋይ አያሰኘውም። ሁለቱ ውሳኔዎች ስለሚለያዩ አያያዛቸውም ተለየ።

«ዴሞክራሲያዊው እንደሚበልጥ በሙከራ ተረጋግጧል»

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ሙከራውን እንየው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኩርት ሌዊን፣ ሮናልድ ሊፒት እና ራልፍ ኋይት በአሜሪካ አዮዋ ውስጥ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተሙት ነው። የተሳተፉት የ10 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ አምስት አምስት ሆነው በክበብ እየተሰበሰቡ ጭምብልና ሌላ የእጅ ሥራ ይሠሩ ነበር። ደመወዝ የለ፣ ደንበኛ የለ፣ የማስረከቢያ ቀን የለ። ይህን ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ባንክ እንዳለ መገልበጥ ቀድሞውንም ድፍረት ይጠይቃል።

ውጤቱም ቢሆን ጽሑፉ እንዳለው አይደለም። ለፈላጭ ቆራጩ መሪ ጸጥ ብለው የተገዙት ልጆች፣ መሪው ክፍሉ ውስጥ ሲኖር ጊዜያቸውን 74 ከመቶ ያህል በሥራ ላይ አዋሉ፤ መሪው ሲወጣ ቁጥሩ ወደ 29 ወረደ። በዴሞክራሲያዊው ቡድን መሪው ባለበት 50፣ በሌለበት 46 ነበር። ቁጥሮቹን ሳያድበሰብሱ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ትምህርት አሳታፊ አመራር የበለጠ ያሠራል የሚል አይደለም፤ አለቃው ዞር ሲል ሥራው አይቆምም የሚል ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ ይህ ሥራ የሚሠራው አለቃ በዓይኑ እያየው ነው ወይስ በሌለበት ነው? የሌሊት ፈረቃ፣ ከመሥሪያ ቤት ውጭ የሚዞር የሽያጭ ሠራተኛ፣ ከቤቱ የሚሠራ ባለሙያ፣ እነዚህ ሁሉ ሁለተኛው ውስጥ ይወድቃሉ። በትእዛዝ ብቻ የተያዙ እንደሆነ ቁጥጥሩ በተነሳበት ሰዓት ሥራው ይወርዳል።

ሌላም የተዘለለ ነገር አለ። በዚያ ሙከራ «ዴሞክራሲያዊ» የተባለው መሪ ለሁሉም ነገር ድምፅ አላሰጠም። ልጆቹ የአሠራር ምክር ሲያስፈልጋቸው ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ አቅርቦ ያስመርጣቸው ነበር። ሦስተኛው፣ ልቅ የሚባለው ዘይቤ ደግሞ መጀመሪያ በዕቅድ ውስጥ አልነበረም፤ ዴሞክራሲያዊ እንዲሆን ከተመደበ መሪ አያያዝ ሳይታሰብ ብቅ ያለ ነው። «እናንተ እንደፈለጋችሁ» ብሎ መተው ከአሳታፊነት ጋር የሚምታታው ዛሬ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ታዲያ ማሳተፍ ማንን፣ መቼ፣ እስከ ምን ድረስ? እዚህ ላይ ጽሑፉ ዝም ይላል። የአመራር ተመራማሪዎቹ ቪክቶር ቭሩም እና ፊሊፕ ዬተን እ.ኤ.አ. በ1973 የአለቃን ውሳኔ በአምስት ደረጃ ከፍለው ነበር። በመጀመሪያው አለቃው በእጁ ባለው መረጃ ብቻውን ይወስናል። በሁለተኛው የጎደለውን መረጃ ከሠራተኞቹ ጠይቆ ብቻውን ይወስናል። በሦስተኛው ሠራተኞቹን በየግል ያማክርና ይወስናል። በአራተኛው ሰብስቦ ያወያይና ይወስናል። በአምስተኛው ቡድኑ ራሱ ይወስናል፤ አለቃው ይቀበላል። በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆም የሚነግሩት በዋናነት አራት ጥያቄዎች ናቸው፦ ውሳኔው ቢበላሽ የሚያመጣው ጉዳት ምን ያህል ነው? ለመወሰን የሚበቃ መረጃ በእጄ አለ ወይ? ሠራተኞቹ በልባቸው ካልተቀበሉት ይፈጸማል ወይ? እኔና እነሱ በዚህ ጉዳይ የምንፈልገው አንድ ነው ወይ?

የጽሕፈት ወረቀት አቅራቢን ለመምረጥ ስምንት ሰው ለአንድ ሰዓት ከተሰበሰበ ስምንት የሥራ ሰዓት ጠፋ፤ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ መረጃው አለ፣ የማንም ልብ አይከፋም፤ አንደኛው ደረጃ ይበቃዋል። የፈረቃ ድልድል ሌላ ነው። የሰው ቁጥሩ እስከተሟላ ድረስ ማን በየትኛው ቀን ቢገባ ለድርጅቱ ልዩነት የለውም፤ ለሠራተኛው ግን ኑሮው ነው፤ ስለዚህ ወደ አምስተኛው ይሂድ። አንድ ክፍል ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚለው ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ሠራተኞቹ መረጃ አላቸው፣ ሊሰሙ ይገባል፣ ነገር ግን በራሳቸው እንጀራ ላይ እንዲፈርዱ መጠየቅ ለእነሱም ለድርጅቱም ግፍ ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው የይስሙላ ምክክር ነው። አለቃው በልቡ ከቆረጠ በኋላ «ሐሳባችሁን ስጡኝ» ብሎ ስብሰባ ይጠራል። ሠራተኛው መጀመሪያ ላይ ይናገራል፤ በሁለተኛው ጊዜ ይነቃል፤ በሦስተኛው ዝም ይላል፣ አለቃውም «እነዚህ ሰዎች ሐሳብ የላቸውም» ብሎ ይደመድማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ስብሰባው ሲከፈት ደረጃውን መናገር። «ዛሬ የምፈልገው ሐሳባችሁን ነው፤ ውሳኔውን ዓርብ ከነምክንያቱ እኔ አሳውቃለሁ።» ቁርጡ ተነግሮት ሐሳቡ ያልተወሰደበት ሠራተኛ ቅር ቢለው እንኳ ተታለልኩ አይልም። ውሳኔው አስቀድሞ ያለቀ ከሆነም «ተወስኗል፤ የምንነጋገረው ስለ አፈጻጸሙ ነው» ማለት ከይስሙላው ይሻላል።

«በቀውጢ ሰዓት መሪው ፈላጭ ቆራጭ ይሁን»

ግማሹ ልክ ነው። ትእዛዝ ከአንድ አፍ ይውጣ፤ እሳት ሲነሳ ቃለ ጉባዔ አይያዝም። ጽሑፉ የሳተው ትእዛዝ መስጠትንና መስማትን እንደ አንድ ነገር መቁጠሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔኗ የቴኔሪፍ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የአንደኛው ካፒቴን የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀምሮ ነበር። አብሮት የነበረው የበረራ መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣ ይሆን ብሎ ጠይቋል፤ ካፒቴኑ ግን ጥርጣሬውን በአንድ ቃል አልፎ ቀጠለ። ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ አየር መንገዶች ረዳቶችን ጥርጣሬያቸውን በግልጽ እንዲናገሩ፣ ካፒቴኖችን ደግሞ እንዲሰሙ ማሠልጠን ጀመሩ። የመጨረሻው ቃል ግን አሁንም የካፒቴኑ ነው።

በድርጅትም እንዲሁ ነው። አደጋ ሲደርስ ወሳኙ አንድ ሰው መሆኑ በስም ይነገር፤ መረጃ የሚሰበስብለት ሌላ ሰው ይመደብ፤ ትእዛዝ የተቀበለው ሰው የሰማውን መልሶ ይበል፤ «አቁም» ለማለት ግን ማዕረግ አይጠየቅ። እጅግ የሚረሳው መጨረሻው ነው፦ ችግሩ አልፎ ወደ ተለመደው አሠራር መመለሱ በይፋ መነገር አለበት። ይህ ካልተነገረ አስቸኳይነቱ ልማድ ይሆናል፤ ዓመቱን ሙሉ «አጣዳፊ ነው» እየተባለ የሚታዘዝበት ቤት የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

«የሥራ አስኪያጅ ዘመን አልፏል፣ አሁን የመሪ ዘመን ነው»

ይህ ክፍፍል የቆየ ነው፤ የአመራር ምሁሩ አብርሃም ዛሌዝኒክ ሥራ አስኪያጅና መሪ የተለያዩ ሰዎች ናቸው ወይ ብሎ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ጥያቄው መነሳቱ ደግ ነበር። የኋላ ሰዎች ግን መሪን ባለ ራዕይ፣ ሥራ አስኪያጅን የወረቀት ሰው አድርገው ማዕረግ አደላደሉበት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት የደመረ ሥራ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን መዝኗል፦ አለቃው ለሠራተኛው ያለውን አሳቢነትና ሥራን የማዋቀር ልማዱን፣ ማለትም ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በምን መመዘኛ የሚለውን ግልጽ ማድረጉን። አሳቢነት ከመልካም አመራር ጋር ያለው ትስስር (0 ምንም፣ 1 ፍጹም በሚሆንበት መለኪያ) 0.48፣ የማዋቀሩ 0.29 ሆኖ ተገኘ። አሳቢነት በተለይ ከሠራተኛው እርካታና ተነሳሽነት ጋር ጠንክሮ ታየ፤ ከቡድኑ የሥራ ውጤት ጋር ሲሆን ግን ማዋቀሩ በጥቂት በልጦ ተገኘ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ንግግሩ ያነሳሳው ሠራተኛ በማግሥቱ መሣሪያ ሳይቀርብለት፣ በጀት ሳይያዝለት፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ ሳይነገረው ቢቀር፣ የተነሳሳበት ልብ ወደ ንዴት ለመዞር ሳምንት አይፈጅበትም።

«ሥራውን ስጥና ዘወር በል»

የጽሑፉ አደገኛ ምክር ይህ ነው፤ ስለዚህ እቆይበታለሁ።

ሥልጣን ይወከላል፤ ተጠያቂነት አይወከልም። ሥራው ቢበላሽ ከበላይ የሚጠየቀው ሰጪው ነው። ይህን የሚያውቅ አለቃ ሰጥቶ ሲጠፋ በመጨረሻው ሳምንት ደንግጦ ይመለስና ሥራውን ከሠራተኛው እጅ ይነጥቃል። መተውና መንጠቅ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው፦ ሲሰጥ መነገር የነበረበት አልተነገረም።

መነገር ያለበት፣ ቢቻል በግማሽ ገጽ የሚጻፈው፣ አምስት ነገር ነው። የሚጠበቀው ውጤት፤ አሠራሩ ሳይሆን ሲያልቅ ምን እንደሚታይ። የሥልጣኑ ወሰን፤ እስከ ስንት ገንዘብ ማውጣት ይችላል፣ በድርጅቱ ስም ከማን ጋር ይነጋገራል። ሳይጠይቅ የማያደርገው ነገር፤ ከሁለትና ከሦስት ባይበልጥ ይመረጣል። ሥራው የሚታይባቸው ቀናት። አምስተኛው፣ ሥልጣኑ እንደተሰጠ የተነገራቸው ሰዎች። ይኸኛው ሁልጊዜ ይረሳል። ሠራተኛዋ ኃላፊነቱን ተቀብላ ሌሎች ክፍሎች ካልተነገራቸው፣ የምትጠይቀውን ሁሉ «አለቃሽ ይጻፍልን» ይሏታል፤ ውክልናው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

የሚታይበት ቀን ሲመረጥ የመጀመሪያው ሥራው አንድ አሥረኛ ላይ ሲደርስ ይሁን። 20 የሥራ ቀን ለሚፈጅ ሥራ ይህ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን ነው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ ተቀባዩ ሥራውን በተሳሳተ መንገድ ተረድቶት ከሆነ ያን ጊዜ የሚጣለው የሁለት ቀን ድካም ነው፤ በ15ኛው ቀን ቢታወቅ የ15 ቀን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛው እይታ አጋማሽ ላይ ይደረግ። ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው መጎብኘት ግን ለውጥ ለማድረግ ዘግይቷል፤ ትርፉ ማስጨነቅ ብቻ ነው።

ምን ያህል በቅርብ መከታተል እንደሚገባ የሚወስነው የሠራተኛው ዕድሜ ወይም ማዕረግ አይደለም፤ ለዚያ ሥራ ያለው ልምድ ነው። አሥር ዓመት የሠራ የሒሳብ ባለሙያ አዲስ የሶፍትዌር ዝርጋታ እንዲመራ ቢደረግ በዚያ ሥራ ላይ ጀማሪ ነው። «አንተ ነባር ነህ፣ አይቸግርህም» ማለት አክብሮት ይመስላል፤ በተግባር ግን እንዳይጠይቅ አፉን ማሰር ነው። ፖል ሄርሲ እና ኬን ብላንቻርድ እ.ኤ.አ. በ1969 ያመጡት ሐሳብ፣ ዘይቤው ከተመሪው ብቃትና ፍላጎት ጋር ይቀየር የሚለው፣ በሥልጠና መድረኮች ገኗል። ምርምር የሰጠው ድጋፍ ግን ከዝናው ያነሰ ነው፤ ይበልጥ የቆመው ለአዲስ ሠራተኛ ዝርዝር መመሪያ ይጠቅመዋል የሚለው ክፍሉ ነው።

ሌላው የውክልና እንቅፋት ሥራው ወደ ላይ ተመልሶ መውጣቱ ነው። ሠራተኛው ኮሪደር ላይ ያገኝና «አንድ ችግር ገጥሞናል» ይላል፤ አለቃው ችኩል ነውና «እስቲ ላስብበት» ብሎ ይሄዳል። በዚች አንድ ዐረፍተ ነገር ሥራው ባለቤቱን ቀየረ፤ አሁን የሚጠብቀው ሠራተኛው ነው፣ የሚጠየቀው አለቃው። ትክክለኛው መልስ «ምን ምን አማራጭ አለን? እስከ ሐሙስ ሁለቱን ከነወጪያቸው ይዘህልኝ ና» ነው። ከወሰኑ ያለፈ ነገር ከሆነ ብቻ አለቃው ይረከብ።

«ቀኑ የተበጣጠሰበት አለቃ ጊዜውን አያውቅም»

ፈረንሳዊው የአስተዳደር ጸሐፊ አንሪ ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 የአስተዳደርን ሥራ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማቀናጀትና መቆጣጠር ብሎ ከፈለው። የጽሑፉ ጸሐፊ ይህን የሥራ ድርሻ እንደ ሰዓት መርሐ ግብር አነበበው መሰለኝ። የአስተዳደር ተመራማሪው ሄንሪ ሚንትዝበርግ አምስት ዋና ሥራ አስኪያጆችን እያንዳንዳቸውን ለአንድ ሳምንት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ከሚሠሯቸው ነገሮች ግማሹ ከ9 ደቂቃ በታች የፈጁ፣ ከአንድ ሰዓት ያለፉት ደግሞ አንድ አሥረኛ ብቻ ሆነው አግኝቷል። አምስት ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም መበጣጠስ ከስንፍና ይልቅ የሥራው ጠባይ መሆኑን ለማየት ይበቃል። ሥራ አስኪያጅ ድርጅቱን በአደባባይ ይወክላል፣ ይመራል፣ ከውጭ ሰዎች ጋር ያገናኛል፤ መረጃ ይቃርማል፣ ያሠራጫል፣ ቃል አቀባይ ይሆናል፤ ለውጥ ይጀምራል፣ ድንገተኛ ችግር ይፈታል፣ ሀብት ይደለድላል፣ ይደራደራል። አሥር ሚና ናቸው፤ ሁሉም ለመምጣት ቀጠሮ አይዙም።

የሚጎዳው መቆራረጡ ሳይሆን አንዱ ሚና ሌላውን መብላቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግር ፈቺው ለውጥ ጀማሪውን ይበላዋል። አንድ ዓይነት ችግር ሦስት ጊዜ ከመጣ ድንገተኛ አይደለም፤ ያልተጻፈ የአሠራር ደንብ ነው። አሠራሩ ይጻፍና ለሌላ ሰው ይሰጥ። ከዚህም የከፋው መረጃው ሁሉ በአለቃው ራስ ውስጥ ብቻ ሲቀር ነው፦ ሥራውን ለማካፈል ይፈልጋል፣ ግን ሥራው የሚጠይቀውን ሁሉ ለማስረዳት ከሚፈጀው ጊዜ ራሱ መሥራቱ ይቀለዋል፣ ስለዚህ አያካፍልም። በሳምንት አንድ ሰዓት ከደንበኛና ከበላይ የተሰማውን ለቡድኑ መዘርገፍ ይህን ቋጠሮ ይፈታዋል።

«ሰንሰለቱ ባጠረ ቁጥር ድርጅቱ ይፈጥናል»

የአስተዳደር አማካሪው ቪ. ኤ. ግሬይኩናስ እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣው ስሌት አንድ አለቃ አምስት ተጠሪዎች ሲኖሩት በግልም በቡድንም ሊፈጠሩ የሚችሉት ግንኙነቶች 100 ናቸው፤ ስድስተኛ ሰው ሲጨመር 222 ይሆናሉ። የሚቆጥረው ሊኖር የሚችለውን እንጂ በዕለቱ ያለውን አይደለም፣ እሱን ቀንሰን እንየው። ቀለል ያለው ሒሳብም ያው ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በሳምንት 30 ደቂቃ የግል ውይይትና 15 ደቂቃ ዝግጅትና ክትትል ቢያዝ፣ ለ8 ሰው 6 ሰዓት፣ ለ15 ሰው 11 ሰዓት ከሩብ፣ ለ25 ሰው ወደ 19 ሰዓት ነው፤ ከ40 ሰዓት ሳምንት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ሥራቸው አንድ ዓይነት የሆነ፣ ደንቡ የተጻፈላቸው፣ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ከሆኑ 15 እና ከዚያ በላይ መያዝ ይቻላል። ሥራቸው የተለያየ፣ አዲስ የገቡና በተለያየ ቦታ ያሉ ከሆነ 7 ራሱ ሊበዛ ይችላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2002 የምህንድስና ክፍሉን ያለ መካከለኛ ሥራ አስኪያጅ ለማስኬድ ሞክሮ ነበር፤ የወጪ ማጽደቂያና የሠራተኞች አለመግባባት ሳይቀር በቀጥታ ከመሥራቾቹ አንዱ ወደሆነው ላሪ ፔጅ መጉረፍ ስለጀመረ ሙከራው ጥቂት ወራት ብቻ ቆየ። እርከን ሲነሳ በእርከኑ ላይ ይሠራ የነበረው ሥራ አብሮ አይነሳም፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሄዳል።

ስለ ሃያዎቹ ጥያቄዎች

«ሠራተኞቼን አማክራለሁ፦ ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ በጭራሽ» ለሚል ጥያቄ ሰው የሚመልሰው መሆን የሚፈልገውን ነው። በምትኩ ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይያዝ። ማታ ማታ አምስት ደቂቃ ይበቃል፦ ዛሬ የወሰንኩት ምን ነበር፣ ከአምስቱ ደረጃ በየትኛው፣ ማን ያውቅ ነበር፣ ማን ሳይጠየቅ ቀረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ30 እስከ 50 ውሳኔ ይሰበሰባል። ከዚያ ከላይ ያሉት አራት ጥያቄዎች በእያንዳንዱ ላይ ይጠየቁና ደረጃው ያልገጠመበት ውሳኔ ላይ ምልክት ይደረግ። ምልክቶቹ በአንድ ሠራተኛ ስም ዙሪያ ከተከማቹ ለዚያ ሠራተኛ የተሰጠው የሥልጣን ወሰን እንደገና ይጻፍ። በአንድ የጉዳይ ዓይነት ዙሪያ ከተከማቹ፣ ለምሳሌ በግዢ ወይም በዝውውር፣ የሚጻፈው የዚያ ጉዳይ አሠራር ነው።